ከሐዘንተኛ ጋር ማን ዋጋ ይከራከራል

ሰቆጣ ገበያ ወጥታችሁ «ወልዱ የት ነው?» ብትሉ ግማሹ ሰው «ገመድ ሻጩ?» ይላችኋል፤ ግማሹ ደግሞ «ድንኳን ያዡ?» ይላችኋል። ሁለቱም እኔው ነኝ። ሱቄ ውስጥ ገመድ፣ ጀሪካን፣ ብርድ ልብስና ጨው አለ። በገበያ ቀን ከአበርገሌ ቆላ የሚወጣውን ፍየልና ማር እገዛለሁ። የቀለም ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆመ። የቀረውን ያስተማረኝ ገበያ ነው፤ ገበያ ደግሞ ክፍያውን አስቀድሞ ተቀብሎ ነው ትምህርቱን የሚጀምረው።

ከሱቁ ጎን ባለችው መጋዘን የሰፈራችን እድር ንብረት ይቀመጣል። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ትልልቆቹ ብረት ድስቶች፣ ሰሃኖቹ። ቁልፉ በኔ አንገት ነው። ሰው ሲሞት በመጀመሪያ የሚቀሰቀሰው ቄሱ ነው፤ ቀጥሎ እኔ። ጎረቤቶቼ ጠዋት ጠዋት መጋዘኑን ስከፍት ካዩኝ «ማን ሞተ?» ይሉኛል፤ ዶሮ ላስገባ ቢሆንም።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ፣ ድንኳን በኛ አገር ምን እንደሚል ካላወቃችሁ የሚቀጥለው ነገር ስለማይገባችሁ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሱቄን ሞሉት። መሪያቸው ሕይወት የምትባል ልጅ ነበረች። አባቷ ከደብረ ታቦር ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ልጅቱ ስትናገር ዜና የምታነብ ትመስላለች፤ ትንፋሽ የምትወስደው ነጥብ ላይ ነው። ሐሳባቸው ይህ ነበር፦ ሆስፒታል ልጆቻቸውን አስተኝተው የሚያስታምሙ ሰዎች፣ ከሰሃላ፣ ከፃግብጂ፣ ከአበርገሌ በእግርና በቃሬዛ የመጡ እናቶች፣ ቀን ከግድግዳው ሥር ፀሐይ ይመታቸዋል፣ ሲመሽ ብርድ ይበላቸዋል። ስንቃቸው ሲያልቅ የሚያበላቸው ዘመድ ከተማ ውስጥ የለም። ተማሪዎቹ ትምህርት ዝግ በሚሆንባቸው ቀናት ጥላና ምግብ ሊያቀርቡላቸው ፈለጉ። ድንኳን ስጠን አሉኝ።

የእድር ድንኳን መሆኑን ነገርኳቸው።

«ለሰርግም ታከራዩታላችሁ አይደል፣ ጋሼ?» አለች ሕይወት።

እውነቷን ነው። ባለፈው ጥር ለሁለት ሰርግ አከራይተነዋል፤ ሙሽራም ሐዘንተኛም ያለቀሰበት ድንኳን ነው። የእድሩን ዳኛ አስፈቀድኩና ሰጠኋቸው። ወንበሩንም ጨመርኩ፤ ሽማግሌ መሬት ላይ አይቀመጥም። ቀጥሎ ምግቡ መጣ። ጾም ስለሆነ ሥጋና ወተት አይታሰብም። ወጥ በዚያ ሙቀት ይበላሻል። ዳቦ ለመጋገር ዱቄቱም እንጨቱም ውድ ነው። ንፍሮ ግን ይቀቀላል፣ በእፍኝ ይታደላል፣ ሰሃን እንኳ አይፈልግም። ስንዴና ባቄላውን እኔው ሰጠሁ። ድስቱም የእድሩ ነው፤ ንፍሮ ከመቀቀል በቀር ሌላ ሥራ አያውቅም።

አያችሁ? ድንኳኑ ለብቻው ልክ ነው። ወንበሩ ለብቻው ልክ ነው። ንፍሮውም ለብቻው ልክ ነው። አንድ ላይ ሆነው ምን እንደሚሉ ያሰበ ሰው ግን አልነበረም። እኔም ብሆን፣ ስንት ዓመት ያንን ድንኳን የተከልኩ ሰው፣ ያን ቀን ሐሳቤ ካስማው እንዳይጠፋብኝ ነበር።

ድንኳኑ ሆስፒታሉ በር ውስጥ፣ ከዛፉ ሥር ተተከለ። ቀትር ካለፈ በኋላ ሱቄን ዘግቼ ላየው ወጣሁ። ገና ከመንገዱ ሳየው እግሬ በራሱ ፈጠን አለ፤ እጄ ደግሞ ባርኔጣዬን ሊያወልቅ ተነሣ። ለልቅሶ ስገባ የማደርገው ነው። ጠጋ ስል ተማሪዎቹ በነጭ ጨርቅ ላይ በሰማያዊ ቀለም የጻፉትን አነበብኩ። «ለታማሚ ሕፃናት ቤተሰቦች መጽናናትን እንመኛለን» ይላል። ይህች ቃል በሬዲዮ በየቀኑ የምትነበብ ቃል ናት። የምትነበበው ግን ሰው ከተቀበረ በኋላ ነው።

ከድንኳኑ ሥር ጥቂት እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ንፍሮ ይቆረጥማሉ። ሌላው ወንበር ላይ ግን ሆስፒታሉን በሕመም የማያውቁ የከተማችን ሰዎች ተደርድረዋል። ሰቆጣ ውስጥ ድንኳን አይቶ ሳይገባ የሚያልፍ ሰው የለም። ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ንፍሮውን ይቀበላል፣ ማን እንደሞተ በኋላ ይጠይቃል። ከሁሉ ፊት አያ ፈንታ ተቀምጠዋል። አያ ፈንታ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው ልቅሶ ነው። ከቀብር ቀርተው አያውቁም፤ የማያውቁት ሰው ከሆነ እንዲያውም ቀደም ብለው ይመጣሉ።

«ወልዱ፣ ዛሬ ጡሩምባ ሳይነፋ ነው ድንኳን የምትተክሉት?» አሉኝ በወቀሳ ድምፅ።

«የሞተ ሰው የለም፣ አያ ፈንታ።»

«እንዴት የለም? እኔ እኮ አልቅሼ ጨርሻለሁ።»

ሳቄ መጣ። ሳልስቅ ሕይወት መጣችና ክንዴን ይዛ ወደ አንዲት ሴት ወሰደችኝ። ሴትዮዋ ዘነቡ ትባላለች፤ ከአበርገሌ ናት። ጡት የሚጠባ ልጅ አዝላ፣ የውጭውን በር እያየች ቆማለች። ትልቋ ልጇ አዝመራ ውስጥ ተኝታለች። ወባ ደሟን ጨርሶታል፤ ደም ያስፈልጋታል። ደሟ ደግሞ በብዙ ሰው የማይገኝ ዓይነት ነው አሉ። ከእናቲቱ፣ ራሷ ደም ያነሳት አራስ ናት ብለው፣ አልወሰዱም። ዕድሜያቸው የደረሰ ተማሪዎች ተመረመሩ፤ አልገጠመም። በኋላ እኔም ተመረመርኩ፤ አልገጠመም፤ ሚስቴ ከማንም ጋር እንደማልገጥም ድሮም ነግራኛለች። ከሩቅ ከተማ ደም ተጠይቋል፤ የሚያመጣው መኪና ግን ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ይደርስ ይሆናል ነው የተባለው። አባትየው ኪሮስ ግን አምና ታማ ሳለ ሰጥቷታል፤ ገጥሟል። ከቆላ መልእክት ተልኮለት ዛሬ ይደርሳል።

እየተነጋገርን ሳለ ነርሷ ብቅ አለችና «አባትየው አልመጣም?» ብላ ጠየቀች። ፊቷ ላይ ያየሁትን ፊት ገበያ ውስጥ አውቀዋለሁ፤ ሚዛኑ ሲያጋድል ያየ ሰው ፊት ነው። ሐኪሙ ከፀሐይ መጥለቅ በፊት ቢሆን ብሏል አለች።

ዘነቡ በተሰባበረ አማርኛ መለሰች። «ይመጣል። ፍየል ይዞ ነው የሚመጣ። ለመድኃኒት ሽጥ ብዬዋለሁ።»

ከኋላዬ የንፍሮ መቆርጠም ድምፅ ቆመ።

«ፍየል?» አሉ አያ ፈንታ።

ዞርኩ። እፍኛቸው ውስጥ ያለውን ንፍሮ ወደ ማደያው ሰሃን መልሰው ይጨምራሉ። አያ ፈንታ ንፍሮ ሲመልሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዘነቡ ራቅ አድርጌ ወሰድኳቸው። ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ቅድም አንድ የቆላ ሰው ቀይ ፍየል እየጎተተ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ድንኳኑን አየ። ጽሑፉን ምን ይላል ብሎ በኽምጣንጋ፣ በዋግ አገዎች ቋንቋ፣ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም አንብበው ተረጎሙለት። ማን ነው የሞተው አለ። እሳቸው ከመቀመጣቸው በፊት ተማሪዎቹ ስለ አበርገሌዋ ልጅ ሲያወሩ ሰምተዋል፤ አምቡላንስም በሽተኛ ጭኖ ሲወጣ አይተዋል። ሁለቱን ገጣጥመው ሴት ልጅ ናት፣ ከአበርገሌ ናት፣ አሁን በመኪና ወደ አገሯ ወሰዷት ብለው ነገሩት።

«እሱስ ምን አለ?»

«ምንም አላለ። ጋቢውን ራሱ ላይ ጣለና በመጣበት ተመለሰ። እኔማ አብሬው ትንሽ አለቀስኩ።»

ልቆጣቸው አልቻልኩም። እሳቸው ያደረጉት ድንኳን ሥር የተቀመጠ ጨዋ ሰው የሚያደርገውን ነው።

ለዘነቡ ልንቀበለው ነው ብቻ ብዬ ወጣሁ። ሕይወት ተከተለችኝ። ቅሪ ብላት እንዲህ አለችኝ፦ «ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ጋሼ።» ባጃጅ አገኘን፤ ባለ ባጃጁ ነዳጅ የለኝም ብሎ፣ ዋጋ ስጨምርለት ነዳጁን አወጣ፤ መንገዱ መኪና እስከሚያስኬድበት ወሰደን። ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ ነው። ኔትወርክ ከሸንተረሩ ወዲያ ይጠፋል፤ ኪሮስም ስልክ የለውም። ባለ ባጃጁን እንዲጠብቀን ለመንኩት። ወደ ቆላ የሚወርዱ ሰዎች የሚሄዱባትን አቋራጭ አውቃታለሁ፤ ፍየል ሻጮቹን ገበያ ሳይደርሱ ለመያዝ ስንት ጊዜ ወርጄባታለሁ። ለጥሩ ነገር ስወርድባት የመጀመሪያዬ ነው።

ሕይወት በከተማ ጫማዋ እየተንሸራተተች ትከተለኛለች። ዜና አንባቢነቷ ቀርቷል። እኔ የማስበው ሰውየው ከቀደመንስ ብዬ ነው። ሐዘንተኛ ሰው ፈጣን ነው፤ ከልጁ ሬሳ ቀድሞ ቤቱ ሊደርስ የሚሮጥ ሰው ደግሞ ማን ይደርስበታል?

ያቆየልን ፍየሉ ነው። ፍየሉ መሄድ እምቢ ብሎ ኪሮስ አንዲት ግራር ሥር ተቀምጧል። ጋቢው ራሱ ላይ ነው፤ ግንባሩና ጸጉሩ አፈር ለብሷል። ገመዱን እጁ ላይ ጠምጥሞታል። ገመዱ ከኔ ሱቅ የወጣ ነው፤ ፈትሉን አውቀዋለሁ።

ትንፋሼ እየተቆራረጠ በአማርኛ ነገርኩት። ልጅህ አልሞተችም፤ ደም እንድትሰጣት ነው የሚጠብቁህ፤ ተነሥ እንመለስ አልኩት።

አቀርቅሮ ሰማኝ። ሲመልስ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎን የሚያህል ሰው እስከዚህ ድረስ ስለወረዱ። ወንድሜ የሞተ ጊዜም እንዲህ ነው የነገሩኝ። ‹ትንሽ አሞታል፣ ይፈልግሃል፣ ና› አሉኝ። ስደርስ ድንኳን ተተክሏል። አሁን ግን ድንኳኑን ቀድሜ አየሁት።»

እናንተም ታውቁታላችሁ። በኛ አገር መርዶ እንዲህ ነው የሚረዳው። ሰው ሞቷል አይባልም፤ አሞታል ይባላል። ና ይባላል፣ ይሸኛል፣ በመንገድ ይጫወቱታል፣ ከቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ነው እውነቱ የሚወርድበት። ደግ ሥራ ነው ብለን ነው። እኔ ራሴ ስንቱን ሰው «ደህና ነው፣ ትንሽ ነው» እያልኩ ወደ ድንኳኔ አምጥቻለሁ። ያን ቀን እውነቱን ልናገር ስፈልግ እውነቱን የምናገርበት ቃል ሁሉ በውሸት ሥራ ተይዞ አገኘሁት።

ሕይወት ስልኳን አወጣች። ጠዋት አዝመራን ፎቶ አንሥታታለች። «ይኸው፣ እያት፣ ዛሬ ነው ያነሣኋት» አለችው። ልጅቱ ተኝታ ነው የተነሣችው። ዓይኗ ተከድኗል፤ ነጭ አንሶላ እስከ አገጯ ለብሳለች። ኪሮስ ስልኩን በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ሳመው፣ መለሰላት።

«ፎቶዋንም አዘጋጅታችኋል» አለ።

ሕይወት ይህን ስትሰማ ማልቀስ ጀመረች። አልቅሳ ደግሞ ልታቆም አልቻለችም። ኪሮስ አያት፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ዓይኑ «በቃ፣ አትድከሙ» ይለኛል። ፀሐይዋ ከተራራው ጋር እየተቀራረበች ነው።

በኽምጣንጋ ልሞክር አልኩ። የኔ ኽምጣንጋ ግን የገበያ ነው። ቁጥር አያንሰኝም፣ ስድብ አያንሰኝም፣ የፍየል አካል ከቀንድ እስከ ሰኮና እጠራለሁ። ማጽናኛ የለበትም። ልጅህ ትኖራለች የሚለውን እንኳ አሳምሬ ልል አልቻልኩም። የማውቀውን ቋንቋ እያገላበጥኩ ሳለ ዓይኔ ፍየሉ ላይ አረፈ።

ሄድኩና ጀርባውን ዳበስኩ። አፉን ከፍቼ ጥርሱን አየሁ። «ስንት ነው ይሄ?» አልኩ በኽምጣንጋ።

አልገባውም። ሕይወትም ማልቀሷን ለአፍታ አቆመች።

«አርጅቷል» አልኩ።

«ገና ወጠጤ ነው» አለ። ያለው እሱ አይደለም፣ አፉ ነው። ከአበርገሌ የመጣ ሰው ስለ ፍየሉ ሲዋሹበት ሰምቶ ዝም አይልም።

«ከስቷል። ደግሞም ጾም ነው፤ ማን ይበላዋል?» ብዬ ለቆዳው እንኳ የማይበቃ ዋጋ ጠራሁ።

ዓይኑ ከመሬት ተነሣ።

«ውሰድ እንጂ» አልኩት። «እዚህ ገደል ውስጥ ከኔ ሌላ ገዢ ይመጣልሃል?»

«ጋሼ!» አለች ሕይወት። የጮኸችብኝ እናቴ ራሷ ትመስላለች።

ኪሮስ ተነሣ። ጋቢው ከራሱ ላይ ወደቀ። ቁመቱ ከኔ ይበልጣል፤ ዱላውንም ያኔ ነው ያየሁት።

«አንተ» አለኝ። «አንተ ሰው ነህ? ልጄን ልቀብር እየሄድሁ?»

እርስዎ ብሎኝ ነበር፤ አሁን አንተ አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያስደሰተኝ ንቀት የለም።

«እኔን ታውቀኛለህ?» አልኩት።

«ገመድ ሻጩ ነህ።»

«ሌባ ነው ሲሉኝ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ከሐዘንተኛ ይገዛል ሲሉኝስ?»

ዱላው ላይ እጁ እንዳለ ቆመ። ሲያስብ ይታየኛል። ገበያውን፣ ሰዎቹን፣ ስለኔ የተባለውን ሁሉ እየዞረ ይፈልጋል።

«አልሰማሁም» አለ በመጨረሻ።

«ታዲያ ሞታብህ ቢሆን ፍየልህን እንዲህ አራክሼ እጠይቅህ ነበር? በዋግ ምድር ከሐዘንተኛ ጋር ዋጋ የሚከራከር አይተህ ታውቃለህ?»

አላየም። ማንም አላየም። ፊቱ ላይ ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። መልሶ ተቀመጠ፤ ከዚያ እኔ እጄን ሳልዘረጋለት ተነሣ። ፍየሉን ትተነው ልንሄድ ስንል ሕይወት ገመዱን ከእጁ ተቀበለችና ከኋላችን እየጎተተች ወጣች። ፍየሉ ለሷ ታዘዘላት፤ በኔ ግን ቂም ይዞብኛል።

አቀበቱን ኪሮስ እየጎተተኝ ወጣን። በመንገድ ትንንሽ ጥያቄ ይጠይቀኛል። በልታለች? እኔ ቀለቧን አልሰፍርም አልኩት። ትናገራለች? ሐኪሙን ጠይቅ አልኩት። ለስለስ ካልኩ እንደገና እንደሚጠራጠረኝ አውቄአለሁና ክፉ ሆኜ ዘለቅሁ። ባለ ባጃጁ ጠብቆናል፤ ስለመጠበቁ ሲያማርር ደረስንበት። ኪሮስ ባጃጅ ውስጥ ከፍየሉ ጋር ተቀምጦ አንድ ጊዜ ፈገግ አለ።

ከሆስፒታሉ በር ስንደርስ ግን ልቅሶ ሰማን።

የአያ ፈንታ ልቅሶ አልነበረም። ያንን አውቀዋለሁ፤ ሥርዓት አለው፣ ማቆሚያ አለው። ይህ ማቆሚያ የሌለው ነው። ድንኳኑ ሥር ያሉት ሰዎች ሁሉ ቆመዋል። ሴቶች ራሳቸውን ይዘዋል። መሀል ላይ አንዲት ሴት መሬት ላይ ወድቃለች፤ ሰዎች ከበዋታልና አትታይም። ያ ነጭ ጨርቅ ከበላያቸው ይወዛወዛል። መጽናናትን እንመኛለን።

ኪሮስ እጄን ጨበጠኝ። አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ።

«ዋጋ ጥራ» አለኝ።

አላየሁትም። ወደ ድንኳኑ ነው የማየው። ዘነቡን እፈልጋለሁ፤ የወደቀችው ሴት ጀርባዋ ላይ ልጅ ታዝሎ እንደሆነ ለማየት እሞክራለሁ።

«ጥራ እንጂ። ቅድም ስትጠራ አልነበር? ፍየሉ ይኸውና። ጥራ።»

ልጠራ ነበር። እመኑኝ፣ አፌን ከፍቻለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ዋጋ ስጠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የማላውቀውን ዕቃ እንኳ በሩቁ እገምታለሁ። ያን ጊዜ ግን አንድ ቁጥር ከጉሮሮዬ አልወጣ አለኝ። ምክንያቱም አላውቅም። ልጅቱ መኖሯን ከሆስፒታሉ እስክንወጣ ድረስ ነው የማውቀው። ከገደሉ ጎትቼ ያመጣሁት ወደ ደሙ ይሁን ወደ መርዶው፣ ቃሌን የሰጠሁት በምን ላይ እንደሆነ አላውቅም።

ዝምታዬን አነበበው። እጄን ለቀቀኝ።

ሕይወት የፍየሉን ገመድ ጥላ ሮጠች። ሰው እየገፋች ድንኳኑን አልፋ ወደ ውስጥ ገባች። እኔና ኪሮስ በሩ ላይ እንደተተከልን ቀረን። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ስትወጣ ፊቷ በእንባ ርሷል፤ እሱ ይህን ሲያይ ዓይኑን ጨፈነ።

«አለች!» ብላ ከዚያው ጮኸች። «አለች፣ አዝመራ አለች! ቶሎ ና!»

ከኋላዋ ዘነቡ ልጇን አዝላ ብቅ አለች። ኪሮስ እኔን አልፎ፣ ድንኳኑን አልፎ፣ የወደቀችውን ሴት በሩቅ ዞሮ ሮጠ።

የሞተው ከሰሃላ የመጣች የአንዲት እናት ልጅ ነው። እኛ ቁልቁለቱ ላይ ሳለን ነው ያረፈው። ቀን ከድንኳኑ ሥር ታቅፋው ንፍሮ ስትበላ አይቻታለሁ፤ ፊቷን ለማስታወስ ብዙ ሞክሬያለሁ፤ አልመጣልኝም። የማስታውሰው ንፍሮውን ለልጇ እያላመጠች ስታጎርሰው ነው።

ሕይወት መጥታ ድንኳኑን እናፍርሰው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ጨርቁን ግን አውርዳ አጣጥፋ ብብቷ ሥር ይዛዋለች።

«ተይው» አልኳት። «አሁን ባለቤቱን አግኝቷል።»

ይህን ያልኩት ለቀልድ አልነበረም። ሴትዮዋ ከሰሃላ በእግሯ የመጣች ናት፤ እዚህ ዘመድ የላትም። ያን ሁሉ ሕዝብ ጠርታ ድንኳን አታስተክልም። ያለ ጡሩምባ የመጡት አያ ፈንታና መሰሎቻቸው አብረዋት አመሹ። አያ ፈንታ ያን ምሽት ለሁለተኛ ጊዜ አለቀሱ፤ እንደ ቀኑ ድምፅ አላወጡም።

ኪሮስ ደሙን ሰጥቶ ሲወጣ ክንዱ ላይ ጥጥ ተለጥፎበታል። ደሙ ለልጁ እየተሰጠ ነው፤ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ሴትዮዋን ሲያይ ግን ደስታውን የሚያስቀምጥበት ቦታ አጣ። ጋቢውን ራሱ ላይ መልሶ ጣለና ከወንበሩ ጫፍ ተቀመጠ። ንፍሮ ሲያቀርቡለት በሁለት እጁ ተቀበለ። ቀን ለሱ ልጅ የመሰለውን ንፍሮ ለሌላ ሰው ልጅ በላው።

አዝመራ ተርፋለች። ቀስ ብላ ነው የዳነችው፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ከርማለች። ተማሪዎቹ ሥራቸውን አልተዉም። አሁን የሚወጥሩት ሰማያዊ ሸራ ነው፤ ዳቦ ነው የሚያድሉት፤ ምንም አይጽፉም። ሕይወት ቀለም መግዣውን ለሻይ አድርጋዋለች። እኔን አሁንም «ጋሼ» ትለኛለች፤ ግን ገደሉ ውስጥ በጠራችኝ ድምፅ ነው፤ ያ ድምፅ አልጠፋላትም።

እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ ምን ተለወጠብህ ትሉኝ ይሆናል። «ደህና ነው» የሚለውን ቃል ተውኩት። ቃል እንደ ብር ነው፤ ሐሰተኛው ከበዛ እውነተኛውንም የሚቀበል ይጠፋል። ባለፈው ክረምት እህቴ ስታርፍ ልጇ ባሕር ዳር ነበር። ዘመዶቼ አሟታል በለው አሉኝ። ደወልኩና እናትህ ሞታለች አልኩት። በስልኩ ውስጥ የሰማሁትን ድምፅ አልረሳውም፤ ዘመዶቼም እስካሁን አረመኔ ይሉኛል። ልክ ነበርክ ብሎ የመሰከረልኝ ሰው የለም። እኔም ልክ መሆኔን ምዬ አልነግራችሁም። አንድ ቀን ለልጁ ሌላ እውነት ልነግረው ብፈልግ እንዲያምነኝ ብዬ ብቻ ነው።

ኪሮስ በገበያ ቀን ከቆላ ሲወጣ መጀመሪያ ከሱቄ ፊት ይቆማል። ሰላም አንባባልም። ፍየሉን ወደፊት ይገፋና «ጥራ» ይለኛል። ለቆዳው የማይበቃ ዋጋ እጠራለታለሁ። ሌባ ይለኛል። ፊቱ ይፈታል፤ ከዚያ ሄዶ ፍየሉን ለሌላ ሰው በደህና ዋጋ ይሸጣል። የሚያዩን ሰዎች የተጣላን ይመስላቸዋል።

እኔም አንድ ነገር እየፈራሁ ነው የምኖረው። አንድ ቀን ጥሩ ዋጋ ብጠራለት፣ ገመዱን ጥሎ ወደ አገሩ እንደሚሮጥ አውቃለሁ።